320 ካርድ ለስክራብል ተጫዋቾች፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ጥቅምት 6

ሥራው እንግሊዝኛ ስክራብል ለሚጫወቱ 320 የቃል ካርድ ማዘጋጀት ነው። በፊት ገጹ ቃሉ ወይም የተደባለቁ ፊደሎቹ ይሆናሉ፤ በጀርባው ትርጉሙ በአማርኛ፣ ነጥቡና የሚቀበላቸው ቅጥያዎች። መጠኑ 100 በ70 ሚሊ ሜትር። ከአንድ ኤ4 ወረቀት 8 ካርድ ይወጣል፤ ስለዚህ 40 ወረቀት ይበቃል። ለብልሽት 6 ጨምረን 46 አስቀምጠናል።

ጨዋታውን ለማያውቅ፦ ነጥብ ያላቸውን የፊደል ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ ደርድሮ ቃል መሥራት ነው፤ ጠጠሮቹ 100 ናቸው፤ 98ቱ ፊደል፣ 2ቱ ባዶ። ሰሌዳው 15 በ15 ነው፤ ተጫዋች በአንድ ጊዜ 7 ጠጠር ይይዛል። ኢ 12 ጊዜ ይገኛል፤ ኪው፣ ዜድ፣ ጄ፣ ኤክስና ኬ ግን አንድ አንድ ብቻ ናቸው። ይህን ድልድል ያወጣው አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ ቡትስ ነው፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጋዜጣ ዘርግቶ ፊደል እየቆጠረ።

የመጀመሪያው የቃል ዝርዝር ዛሬ ተከለሰ፤ ግማሹ ለወሬ እንጂ ለጨዋታ የማይሆን ነው። 27 ፊደል ያለው ቃል ሰው ያስደንቅ ይሆናል፤ 15 ቤት ባለው ሰሌዳ ላይ ግን የት ይቀመጣል? ደንቡ ይኸው፦ ከ8 ፊደል በላይ የሆነ ቃል አይገባም። ብርቅ መሆን ብቻውን አያስገባም፤ ቃሉ አስቸጋሪ ጠጠር የሚያወርድ ወይም ከሌላ ቃል ጋር የሚያገጣጥም መሆን አለበት።

ጥቅምት 9

ቃላቱን በስልክ እያስነበቡ መመዝገብ ተጀመረ፤ ወዲያው ችግር መጣ። የእንግሊዝኛውን ኤ፣ ኢ እና አይ የእኛ ጆሮ ያምታታቸዋል። ቢ፣ ፒና ቪ በስልክ አንድ ናቸው፤ ጂና ጄም እንዲሁ። መፍትሔው እያንዳንዱን ከሚታወቅ ስም ጋር ማሰር ሆነ፦ ኤ እንደ አንኮበር፣ ኢ እንደ ኢትዮጵያ፣ አይ እንደ እንጀራ፣ ቢ እንደ ብርሃን፣ ፒ እንደ ፓስታ፣ ቪ እንደ ቪዛ፣ ጂ እንደ ጎጃም፣ ጄ እንደ ጅማ። በዚህ ማስታወሻም ቃላቱን የምንጽፈው ፊደል በፊደል፣ በስማቸው እየጠራን ነው። በድምፅ ብቻ ብንጽፋቸው ሆሄያቱ ይጠፋሉ፤ እዚህ ዋጋ ያለው ደግሞ ሆሄው ነው።

ለማረሚያ የነጥብ ድምር ከእያንዳንዱ ካርድ ጋር ይመዘገባል። ጸሐፊው ቃሉን፣ አራሚው ድምሩን ይይዛል፤ ካልገጠመ ካርዱ ይመለሳል። ይህ ግን ሁሉንም አይዝም። ኤን-ኢ-ጂ-ዩ-ኤስ፣ ማለትም ንጉሥ፣ በዝርዝሩ ያለ ቃል ነው፤ ድምሩ 6። የእኛ ሰው አፉ ንጉሥ ስለሚል ኤን-አይ-ጂ-ዩ-ኤስ ብሎ ጻፈው፤ ድምሩ ያው 6 ሆነና አለፈ። ኢና አይ ሁለቱም 1 ነጥብ ናቸውና። ቢ፣ ሲ፣ ኤምና ፒም ሁሉም 3 ናቸው፤ ቢተካኩ ድምሩ አያውቅም። ስለዚህ ሁለተኛ ማረሚያ ተጨመረ፦ ፊደሎቹ በተራ ተደርድረው ለብቻ ይጻፋሉ፤ ሁለተኛ ሰው መዝገበ ቃላቱን ራሱ አይቶ ይደረድራቸዋል።

ጥቅምት 13

በጨዋታው የሚፈቀዱ ቃላት የሚታዩበት ዝርዝር የትኛው ይሁን? ሁለት ናቸው። ሰሜን አሜሪካ የራሱ አለው፤ ከዚያ ውጭ በአብዛኛው ኮሊንስ የሚባለው ይሠራል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ ባለ ሁለት ፊደል ቃል በ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ዝርዝር 107፣ በ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) ኮሊንስ 127 ነው። ዜድ-ኦ፣ የያክና የላም ዲቃላ፣ በኮሊንስ አለ፤ በአሜሪካው የለም። ሲ-ኤች፣ «እኔ» የሚል ያረጀ የገጠር ቃል፣ እንዲሁ።

ኮሊንስን መሠረት አደረግን፤ አሜሪካ የማይቀበለው ቃል ጥግ ላይ ጥቁር ነጥብ ይደረግበታል። ስልክ ላይ የሚጫወቱት ብዙውን ጊዜ በአሜሪካው ዝርዝር ስለሚሆን ነጥቡ ጠብ ያስቀራል።

ቪ ያለበት ባለ ሁለት ፊደል ቃል በየትኛውም ዝርዝር የለም፤ ይህ የራሱ ካርድ ተሰጥቶታል። ቪ የተቀመጠበትን ጎን በሁለት ፊደል መጠጋት አይቻልም ማለት ነው፤ መሪ የሆነ ተጫዋች ሰሌዳ የሚዘጋው በዚህ ነው።

ጥቅምት 20

የኪው ካርዶች። ከሁሉ የተለፋበት ክፍል ይህ ነው፤ ከሁሉም የተሻለው የወጣውም እዚህ ነው።

ኪው 10 ነጥብ ነው፤ ተጫዋች ግን ይፈራዋል። እንግሊዝኛ ኪውን ያለ ዩ አይጽፍም ተብሎ ነው ትምህርት ቤት የተማርነው፤ ዩ ደግሞ ከ100 ጠጠር 4 ብቻ ነው። ዩ የማይፈልጉት ቃላት በዝርዝሩ ተበታትነው ሲታዩ ትርጉም የለሽ ይመስላሉ። በመነሻቸው ሲደረደሩ ግን አብዛኞቹ የዓረብኛና የዕብራይስጥ ናቸው፤ ኪው በእነዚህ ውስጥ የእኛው ቀ ነው። የላቲኑ ኪው ራሱ ከፊንቄው ቆፍ የወረደ ፊደል ነው። እንግሊዛዊ ተጫዋች በሽምደዳ የሚይዘውን፣ ቀ ያለው ቋንቋ የሚናገር ሰው በጆሮው ሊይዘው ይችላል፦

ኤስ-ዩ-ኪው፣ ሱቅ፤ በዓረብ አገር ገበያ፤ 12 ነጥብ።
ኪው-ኤ-ዲ-አይ፣ ቃዲ፤ 14።
ኤን-አይ-ኪው-ኤ-ቢ፣ ኒቃብ፤ 16።
ኤስ-ኤች-ኢ-ኪው-ኢ-ኤል፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ሰቅል የምንለው፤ 18።
ኤፍ-ኤ-ኪው-አይ-አር፣ መናኝ ለማኝ ደርቡሽ፤ 17።
ኪው-ኤ-ኤን-ኤ-ቲ፣ ከተራራ ሥር ውኃ የሚያወጣ የመሬት ውስጥ ቦይ፤ 14።

ደንቡ የሚያስትባቸው ሁለት ናቸው፤ ቀይ ተደርገዋል። ኪው-ኤ-ቲ ጫት ነው፤ በአማርኛ ስሙ ቀ የለበትም። ይኸው ቃል ኬ-ኤ-ቲ እና ኬ-ኤች-ኤ-ቲ ተብሎም ይገባል፤ 12፣ 7 እና 11 ነጥብ። ሁለተኛው ኪው-አይ ነው፤ «ቺ» ተብሎ የሚነበብ የቻይና ቃል፣ የሕይወት ኃይል። ከኪው ቃላት ሁሉ የሚያበላው ይህ ነው። ኪው የፊደልን ነጥብ ሦስት እጥፍ በሚያደርገው ቤት ላይ አርፎ ወደ ጎንም ወደ ታችም ኪው-አይ ከሠራ፣ 30 ሲደመር 1፣ ሁለት ጊዜ፣ 62 ነጥብ ነው። ጀርባው ላይ ቅርጹ በመስመር ተሥሏል፤ በቃል ማስረዳቱ አልተዋጠም።

ጥቅምት 28

የፊደል ስሞች። የዕብራይስጥ ፊደላት ስም ሁሉ በስክራብል ይገባል፤ የአንዳንዱ በሁለትና በሦስት ዓይነት ሆሄ። ዳዊት የደገመ ሰው እነዚህን ከልጅነቱ ያውቃቸዋል፦ መዝሙር 118 በ22 ክፍል፣ እያንዳንዱ በ8 ቁጥር ተከፍሎ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ እስከ ታው ይወርዳል። በቡልጋም በመንዝም የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ተጫዋች ካርዱን ሳያይ ግማሹን ይዞታል፤ የቀረው ሆሄው ነው።

ለቆፍ ኪው-ኦ-ፒ-ኤች፤ 18 ነጥብ፣ ኤስ ይቀበላል። ለካፍ ኬ-ኤ-ፒ-ኤች። ፍ የሚለው ድምፅ በእነዚህ ላይ ፒ-ኤች ሆኖ መጻፉን ተማሪ ይረሳል፤ በደማቅ ወጥቷል። አሌፍና ካፍ ግን በሁለቱም ይገባሉ፦ በፒ-ኤችም በኤፍ ብቻም። ሬስ አር-ኢ-ኤስ-ኤች ነው፤ ከፊቱ ኤፍ ቢጨመር «ትኩስ» የሚል ቃል ይወጣል። ዔ ደግሞ ኤ-ዋይ-አይ-ኤን፤ ከፊቱ ዜድ ቢገባ ዛይ ይሆናል፤ ፊደል ከፊደል ወለደ። ሜም ኤም-ኢ-ኤም ነው፤ ከኋላው ኦ ወይም ኢ ወይም ኤስ ይቀበላል። ላሜድ ኤል-ኤ-ኤም-ኢ-ዲ ነው፤ «አንካሳ አደረገ» የሚለውም ግሥ በዚሁ ሆሄ ይጻፋል፤ ሁለቱም ትርጉም ጀርባው ላይ አለ።

ኅዳር 4

የራሳችን ቃላት። ከአገራችን ወደ እንግሊዝኛ የተሻገሩትን መጨረሻ ላይ ልናመጣ ነበር፤ ወደ ፊት ተገፉ፣ ምክንያቱም ተጫዋች እዚህ ላይ በመተማመን ነው የሚሳሳተው። ያውቀዋል፤ ሆሄውን ግን አያውቀውም።

ጤፍ ቲ-ኢ-ኤፍም ቲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍም ይሆናል፤ የምንጃርን ጤፍ በአንድ ኤፍ መጻፍ ያስነቅፍ እንደሆነ እንጃ፣ ሰሌዳው ግን ሁለቱንም ይቀበላል። ራስ፣ ማዕረጉ፣ አር-ኤ-ኤስ ነው፤ ብዙ ቁጥሩ ኢ-ኤስ ይጨምራል። እንጀራ በአይ ይጀምራል፤ 13 ነጥብ፣ 8ቱ የጄ ነው። ጭላዳ ጂ-ኢ-ኤል-ኤ-ዲ-ኤ ነው፤ ትርጉሙ ላይ «ጓሳ ላይ ሣር የሚግጠው» ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኮሶ ሲ-ዩ-ኤስ-ኤስ-ኦም ኬ-ኦ-ዩ-ኤስ-ኤስ-ኦም ይሆናል፤ የእኛ ሰው የሚገምተው ከሁለቱ አንዱንም አይመስልም።

ብር ሙሉ ካርድ ተሰጠው። ነጠላው ቢ-አይ-አር-አር፤ 6 ነጥብ። ሁለት አር የመጣው በአማርኛው ር ጠብቆ ስለሚነበብ ነው። ብዙ ቁጥሩ በኤስ ይሆናል፤ ደግሞም ቢ-አይ-አር-አር-ኦ-ቲ-ሲ-ኤች ይሆናል። አዎ፣ ብሮች! የአማርኛ የብዙ ቁጥር ቅጥያ፣ ች በሦስት ፊደል ተጽፎ፣ በእንግሊዝኛ የጨዋታ ዝርዝር ውስጥ። ነጥቡ 15 ነው፤ ቃሉ 8 ፊደል ስለሆነ አንዱ ሰሌዳው ላይ ካለ ሰባቱን ከእጅ አውርዶ የ50 ጉርሻ ይገኛል፤ 65፣ ያውም እጥፍ ቤት ሳይነካ። በፊት ገጹ ፊደሎቹ በተራ ተደርድረዋል፦ ቢ-ሲ-ኤች-አይ-ኦ-አር-አር-ቲ። ይህን አይቶ ብሮች ማለት የቻለ ተጫዋች ትንሽ ልምምድ አድርጓል።

አጠገቡ ቢ-አር-አር ተቀመጠ፤ ሰው ሲበርደው የሚያወጣው ድምፅ። በሦስት አርም ይገባል። ለደብረ ብርሃን የኅዳር ጠዋት ትርጉም መጻፍ አላስፈለገም።

ኅዳር 7

አታላዮቹ። ሆሄው የእኛን ቃል ይመስላል፤ ትርጉሙ ሌላ ነው። ቃሉ ስለሚገባ ነጥብ አያስቀንስም፤ ግን ትርጉሙን ያላወቀ ሰው ቅጥያ ሲጨምር ይወድቃል። ቀይ ጥግ ተደርጎላቸዋል።

ቢ-ዩ-ኤን-ኤ ቡና አይደለም፤ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ቲ-ኤ-ኤል-ኤ ጠላ አይደለም፤ የሳሞአ ገንዘብ ነው። ደብሊው-ኤ-ቲ ወጥ አይደለም፤ በስኮትላንድኛ እርጥብ ማለት ነው። ኤ-ቢ-ኤ አባ አይደለም፤ እጅጌ የሌለው የዓረብ ልብስ ነው። ኬ-ኦ-ኤል-ኤ ቆላም አይደለም፣ አናጢ የሚያጣብቅበት ኮላም አይደለም፤ የምዕራብ አፍሪካ ዛፍ ነው። ከሁሉ የሚያስቀው ጂ-ኢ-ኢ-ዜድ ነው፤ 14 ነጥብ። የቋንቋችን ስም መስሎት የሚያወርድ አለ፤ ይገባለታል፣ ግን የገባው «ወይ ጉድ!» የሚል ቃለ አጋኖ ስለሆነ ነው።

ኅዳር 10

ትርጉም ያስፈልጋል ወይ የሚል ክርክር ተነሣ። ኒውዚላንዳዊው ናይጄል ሪቻርድስ በ2015 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛውን የዓለም ውድድር አሸንፏል፤ ዝርዝሩን በቃሉ ይዞ። እውነት ነው፤ ሰሌዳው ትርጉም አይጠይቅም። እንደ እሱ ያለ ማስታወስ ግን ለማንም አይታደልም። ትርጉሙ የሚገባው ቃሉን የሚሰቅልበት ምስማር ስለሚሆን ነው፤ ምስማሩ ደግሞ ተጫዋቹ የሚያውቀው ነገር ላይ መመታት አለበት። የመዝገበ ቃላት ፍቺ ገልብጦ መጻፍ ቀረ። ከ12 ቃል አይበልጥ፤ ዕቃው ይታይ።

በዚሁ መሠረት የበግና የገብስ ክፍል እንደገና ተጻፈ። ደብሊው-ኢ-ቲ-ኤች-ኢ-አር «የተቀጠቀጠ አውራ በግ» ተብሎ ነበር፤ «ሙክት» ተብሎ በአንድ ቃል አለቀ። በሆሄ ከአየር ጠባይ አንድ ኤ ብቻ ነው የሚለየው፤ ሁለቱም ይገባሉ፣ ስለዚህ ኤ ከሌለህ በግ ነው፣ ካለህ ዝናብ። ቲ-ኢ-ጂ በሁለተኛ ዓመቱ ያለ በግ፤ ቲ-ዩ-ፒ አውራው፤ ዋይ-ኢ-ኤ-ኤን በግ ወለደች። ጂ-አይ-ዲ በግን እያሽከረከረ የሚጥለው የአንጎል ትል በሽታ ነው፤ የመንዝ እረኛ በዓይኑ ያውቀዋል።

ኤ-ደብሊው-ኤን ብዙ ያበላል፦ በገብስ ዘለላ ላይ እንደ መርፌ የሚዋጋው ጢም። ከፊቱ ዲ፣ ኤፍ፣ ኤል፣ ፒ፣ ኤስ፣ ዋይና ሌላም ይቀበላል፤ ከኋላው ኤስና ዋይ። ኤ-ደብሊው-ኤል ወስፌ ነው። ደብሊው-ኢ-ኤፍ-ቲ ማግ፣ ደብሊው-ኤ-አር-ፒ ድር። ቲ-ኤ-አር-ኢ እንክርዳድ። ኤም-ኢ-ኤስ-ኤ አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ፤ «አምባ» ብለን አለፍን።

ኅዳር 14

አናባቢ ብቻ፣ ወይም አናባቢ አልባ። እጅ በአናባቢ ሲሞላ ማራገፊያ ያስፈልጋል፦ ኤ-ኤ፣ ሻካራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፤ ኤ-አይ፣ ሦስት ጣት ያለው ዛፍ ላይ የሚኖር ዘገምተኛ እንስሳ፤ ኦ-ኢ፣ በፋሮ ደሴቶች የሚነሣ አውሎ ነፋስ።

ኢ-ዩ-ኦ-ዩ-ኤ-ኢ ስድስት አናባቢ ነው፤ አንድም ተነባቢ የለበትም። ጥቁር ነጥብ አለው፣ አሜሪካ አይቀበለውም። መነሻው የላቲን ጸሎት ማሳረጊያ ነው፦ «ሴኩሎሩም አሜን»፣ ለዓለመ ዓለም አሜን። መዘምራኑ ዜማው በምን እንደሚያርፍ ለማመልከት የቃሉን አናባቢዎች ብቻ ለቅመው ጻፉ፤ ምልክቱ ውሎ አድሮ ራሱ ቃል ሆነ። ድጓ ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛም የዜማ ምልክት ከቀለሙ ላይ አንድ ሁለት ፊደል ቆርጦ በቃሉ ራስጌ የሚቀመጥ ነው። ካርዱ ላይ ሆሄውን ለማስታወስ «ሴኩሎሩም አሜን» ተጽፎ አናባቢዎቹ ተሰምሮባቸዋል።

በተቃራኒው ሲ-አር-ደብሊው-ቲ-ኤች አለ፤ 13 ነጥብ። የዌልስ የቆየ የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ቅርጹ ክራር፣ አመታቱ በደጋን እንደ ማሲንቆ። በዌልስ ቋንቋ ደብሊው አናባቢ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚጻፈው። ከዚያው ቋንቋ ሲ-ደብሊው-ኤም፣ የበረዶ ግግር የቦረቦረው የተራራ ጎድጓዳ፤ 10።

ኅዳር 21

ኅትመት። የመጀመሪያው ወረቀት 250 ግራም ነበር፤ የቢሮ ፕሪንተር ውስጥ ሲታጠፍ ተቀረቀረ፣ የወጣውም ቀለሙ በጥፍር ይፈቀፈቃል። ወደ 200 ግራም ወረደ፤ ፕሪንተሩ «ወፍራም ወረቀት» ላይ ተደረገ። ቀስ ብሎ ሲያልፍ ማሞቂያው ቀለሙን ያጣብቀዋል።

ሁለተኛው ጥፋት የጀርባው ነው። ካርዶቹ በሁለት ዓምድ ስለተደረደሩ ወረቀቱ በረጅሙ ጎን ሲገለበጥ ቀኝ ግራ ይሆናል። ጀርባው ሳይገለበጥ ታተመና ሙክት ጀርባ ላይ የጫት ትርጉም ወጣ። 3 ወረቀት ባከነ። የጀርባው ፋይል ላይ ዓምዶቹ ተቀያየሩ። ከዚህም በኋላ ፊትና ጀርባው እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሳሳታል፤ ይህ የማሽኑ ጠባይ ስለሆነ አይጠፋም፣ ይደበቃል እንጂ። ዳር ላይ የነበረው የክፈፍ መስመር ተነሣ፤ ጽሑፉ ከጠርዝ 6 ሚሊ ሜትር ገባ። ቀዩ ጥግም እስከ ጠርዝ እንዲደርስ አልተደረገም።

ሲቆረጥ ከ5 ወረቀት በላይ አይደራረብ። ከዚያ ከበዛ ቢላው ይጎብጣል፤ የታችኞቹ ካርዶች ያጥራሉ፣ አጭር ካርድ ደግሞ በጣት ይታወቃል።

ፕላስቲክ መልበስ ታስቦ ቀረ። 320 ካርድ ባዶውን 80 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሲለብስ ወደ 130 ይጠጋል፣ ጠርዙም ላይ እኩል ከተቆረጠ ይላቀቃል።

ታኅሣሥ 2

ሣጥኑ፣ ከ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ። አምስት ክፍል አለው፦ የመጀመሪያው በየቀኑ፣ ቀጥሎ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ16 ቀን ይታያል። የታወቀ ካርድ አንድ ክፍል ወደ ፊት ይሄዳል፤ የተሳተ ከየትም ይሁን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በቀን 10 አዲስ ካርድ ከገባ 320ው በ32 ቀን ያልቃል፤ ስህተት ከሌለ የቀኑ ክለሳ ከ50 አይበልጥም። 20 አዲስ መጀመር ፈታኝ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ክለሳው ስለሚቆለል ሰው ሣጥኑን ይዘጋዋል።

ክፍሎቹ እኩል ተሠርተው ነበር፤ ስህተት ነው። አምስተኛው እስከ 160 ካርድ ይይዛል፣ የመጀመሪያው 10። አሁን አምስተኛው 80፣ አራተኛው 50፣ ሌሎቹ 30 ሚሊ ሜትር ሆኑ፤ ከአራቱ መለያዎች ጋር ውስጡ 236። ስፋቱ 106፣ ለጣት መግቢያ።

ኮላው አልያዘም። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች ነጭ ኮላ ሳይጣበቅ ዱቄት መስሎ ይደርቃል። መገጣጠሚያው ተፍቆ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል እንደገና ተጣበቀ፤ እስከ ማታ ታስሮ ዋለ።

ታኅሣሥ 8

320ው ከዝርዝሩ ጋር አንድ በአንድ ተመሳከረ። የሚታረሙ ሦስት ተገኙ፦ የንጉሥ ካርድ ብዙ ቁጥሩ በኤስ ብቻ ተጽፎ፣ ኢ-ኤስ ነው፤ የዜድ-ኦ ጥቁር ነጥብ ተረስቶ፤ ዜድ-ኤ-ኤክስ፣ የጣሪያ ድንጋይ መቁረጫው፣ 19 መሆን ሲገባው 18 ተብሎ። ከተረፉት 3 ወረቀቶች በአንዱ ላይ ይታተማሉ፤ የቀሩት አምስት ቦታዎች ባዶ ካርድ ይሁኑ፣ ተጫዋቾች የሚያገኙትን ይጻፉባቸው።